ሳይራቡ መቅለል፦ ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ የሸሕዲ ልጆች

«ወፈርሽ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ምርቃት ነበር። ሰንብቶ የመጣ ዘመድ ልጅቱን አገላብጦ ስሞ «እሰይ፣ ተመችቶሻል፤ ሞላ ብለሻል» ሲል እናት ደስ ይላታል፤ ቤቱ እህል አለው፣ ልጅቱም አልታመመችም ማለት ነውና። ዛሬ ግን ያው ቃል የ15 ዓመት ልጅ ጆሮ ሲገባ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ልጅቱ ስልኳ ላይ ያየቻቸውን ቀጫጭን ሴቶች ታስባለች። በማግስቱ ቁርስ ሳትበላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ምሳ ላይ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ማታ ርሃቡ ሲያሸንፋት ድስት ከፍታ ቆማ ትበላለች፤ በልታም ትጸጸታለች፤ በማግስቱ እንደገና ቁርስ ትተዋለች። ወንዶቹም ከዚህ አያመልጡም። ኳስ ሜዳ ላይ «አንተ ወፍራም፣ በር ጠብቅ» የተባለ ልጅ ውሎ አድሮ ሜዳ መውጣቱን ያቆማል፤ ያኔ ክብደቱ ይብስበታል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚህ ልጆች ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚለውም አንድ ነገር ነው፦ በማደግ ላይ ያለ ሰውነት መራብ የለበትም፤ መለወጥ ያለበት ልማድ ነው። የምትጠጡት፣ ከትሪው የምታነሱት፣ እግራችሁ በቀን የሚሄደው፣ የምትተኙበት ሰዓት ሲስተካከል ሰውነት በራሱ ጊዜ ይከተላል።

ለሌላ አገር የተጻፈ ምክር እንዳለ ተገልብጦ ሸሕዲ ላይ አይሠራም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ «ከሰዓት በኋላ ሩጡ» ማለት በሽታ መጋበዝ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከሸሕዲ (ገንዳ ውኃ) እስከ ኮኪትና መተማ ዮሐንስ ባለው ሙቀት፣ በእኛው ገበያና በእኛው ትሪ ልክ የተሰፉ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። አንዱን ለሁለት ሳምንት ያዙ፤ ልማድ ሲሆን ወደሚቀጥለው እለፉ።

1ኛ ደረጃ፦ መጀመሪያ በክር ተለኩ

ከሁሉ በፊት መቀነስ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ እወቁ። ከ10 እስከ 19 ባለው ዕድሜ ሰውነት በፍጥነት ይለወጣል። የሴት ልጅ ዳሌ ይሰፋል፣ ጡቷ ያድጋል፤ ይህ ውፍረት ሳይሆን ዕድገት ነው። ብዙ ልጆች ደግሞ ቁመት ከመሳባቸው በፊት ሞላ ይላሉ፤ ዓመት ሳይሞላ ያው ሥጋ በቁመት ተከፋፍሎ አይታይም።

ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎን ብቻ ማየት ያሳስታል። ለአዋቂ የሚሠራው የክብደትና የቁመት ሠንጠረዥም ለእናንተ አይሆንም፤ ለልጆችና ለወጣቶች በዕድሜና በጾታ የተለየ የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ አለና፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በእርሱ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል መለኪያ አለ። አገራችን የጥጥ አገር ነው፤ ክር አይቸግርም። የማይለጠጥ ክር ያዙና እንዲህ አድርጉ፦

ጫማችሁን አውልቁ። ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነክታችሁ ቀጥ በሉ። እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ ክሩን ከተረከዝ እስከ አናታችሁ ድረስ ይዘርጋና ልኩ ላይ ይቁረጠው። አሁን በእጃችሁ ያለው ቁመታችሁ ነው። ክሩን ለሁለት እጠፉት። የታጠፈውን ክር በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ከእምብርት ከፍ ባለው ቦታ በወገባችሁ ዙሩት። ሆዳችሁን አትሳቡ፤ እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ። ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙና ከተረፉ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች ነው፤ እሰየው፣ መቀነስ ሳይሆን መጠንከር ነው የሚያስፈልጋችሁ። ካልተገናኙ ሆድ አካባቢ የተጠራቀመ ስብ አለ ማለት ነውና ከዚህ በታች ያለው ለእናንተ ነው።

ክሩን አትጣሉት። እጥፉን ፍቱና በወገባችሁ ዙራችሁ የተገናኘበት ቦታ ላይ ቋጠሮ ቋጥሩ። በየወሩ አንድ ቀን፣ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ፣ እንደገና ለኩና አዲስ ቋጠሮ ጨምሩ። ሚዛን በየቀኑ ልብ ያወልቃል፤ ውኃ ጠጥታችሁም ይጨምራል፣ ላብ ወጥቷችሁም ይቀንሳል። ክሩ ግን የወሩን ሥራ ብቻ ይናገራል።

ግባችሁም መጠነኛ ይሁን። ገና ቁመት ለሚጨምር ልጅ ክብደቱ ባለበት ቢቆም እንኳ ትልቅ ድል ነው፤ ቁመቱ ሲጨምር በራሱ ይቀላል። ያለ ሐኪም ክትትል በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ ለመቀነስ አትሞክሩ።

2ኛ ደረጃ፦ ከብርጭቆው ጀምሩ

ሥራው የሚጀመረው ከምትጠጡት ነው፤ ከምግብ ሳትቀንሱ፣ ሳይርባችሁ ልትለውጡት የምትችሉት እርሱን ነውና። ሸሕዲ ላይ ሙቀት አለ፤ ሙቀት ጥማትን፣ ጥማት ለስላሳንና ሻይን ይጠራል። የሱዳን ጎረቤትነታችን ያመጣው የሻይ ልማድ ደግሞ ስኳር የሚበዛበት ነው። ከታች ብርጭቆው ሥር ሳይሟሟ የቀረ ስኳር የሚታይበትን ሻይ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አንድ ቀን ይህን ሞክሩ። ባዶ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጡ። በዚያን ቀን ሻይ በጠጣችሁ ቁጥር የጨመራችሁትን ያህል ስኳር በባዶው ብርጭቆ ውስጥም ጨምሩ። ጠዋት 3 ማንኪያ፣ በእረፍት ሰዓት 3፣ ከሰዓት 3፣ ማታ 3። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከጠጣችሁ ደግሞ 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፤ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለው ስኳር ወደ 30 ግራም ይጠጋልና። ማታ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። 20 ማንኪያ ያህል ስኳር ብርጭቆ ሞልቶ ፊታችሁ ተቀምጧል። ይህንን ደረቁን ብሉ ብትባሉ ማንም አይበላውም፤ በፈሳሽ ሲሆን ግን ሳይታወቅ ይወርዳል፣ ሆድም አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ ዝቅ እንዲል ይመክራል። 5 በመቶ ማለት ለብዙዎች በቀን 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን፦

በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። 3 ማንኪያ የለመደ ምላስ በአንድ ቀን ባዶ ሻይ ቢሰጡት ይጠላዋል። በግማሽ ማንኪያ ሲቀነስለት ግን ይለምዳል፤ ከወር በኋላ የቀድሞውን ሻይ ብትቀምሱት ራሳችሁ «ይሄ እንዴት ይጠጣል?» ትላላችሁ።

ለስላሳን ከቤት አስወጡ፤ ለሠርግና ለበዓል አቆዩት። በሙቀት ቀን የሚያረካው ውኃ ነው። ከርከዴን ማታ ዘፍዝፋችሁ ጠዋት አጥልሉና ያለ ስኳር ወይም በአንድ ማንኪያ ጠጡት። ውኃ ውስጥ ሎሚ ጭመቁ። ማንጎና ፓፓያን በጭማቂ ሳይሆን በጥርስ ብሉት፤ ጭማቂ ቤት አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ብዙ ፍሬ ይፈጫል፣ በላዩም ስኳር ይጨመርበታል። ፍሬው ሲታኘክ ግን ቃጫው ያጠግባል።

3ኛ ደረጃ፦ በጋራ ትሪ ላይ ድርሻችሁን እወቁ

ውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች «ሳህናችሁን ለአራት ክፈሉ» ይላሉ። እኛ ግን ከአንድ ትሪ አብረን ነው የምንበላው። ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ እንጀራው ሲያልቅ ይጨመራል፣ ወጡ ሲያልቅ ይጨለፋል፣ የበቃው ሰውም «በሞቴ» ይባላል። ይህ ባህል ውድ ነው፤ ተነጥላችሁ ብቻችሁን ብሉ አልልም። በትሪው ላይ ግን ሦስት ነገር ማድረግ ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ከፊት ለፊታችሁ ያለውን ቦታ ሳህናችሁ አድርጉት። ግማሹን አትክልት ይያዘው፦ ጎመን፣ ባሚያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ዱባ። ሩቡን ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ይያዘው። የቀረው ሩብ እንጀራ ነው። አትክልት በሚወደድበት የበጋ ወር ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ያገለግላል፤ ዱባም አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ቀስ በሉ። ሆድ መጥገቡን ለአእምሮ የሚነግረው 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። ጉርሻችሁን አሳንሱ፤ አንዱን አላምጣችሁ ሳትውጡ ሌላውን አትጠቅልሉ። ጨምሩ ስትባሉ ውኃ ጠጥታችሁ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያም የራባችሁ እንደሆነ ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ ጉርሻን በክብር ተቀበሉ፣ በክብርም አቁሙ። አያታችሁ ያጎረሱትን እምቢ ማለት ነውር ነው። አንዱን ተቀበሉና እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ጠግቤያለሁ» በሉ። ቀድማችሁ ለእናታችሁ «ክብደቴን እያስተካከልኩ ነው፣ አግዢኝ» ብትሉማ እናታችሁ ራሷ ትከላከልላችኋለች።

ብዙ ልጆች «እንጀራ ልተው?» ብለው ይጠይቃሉ። አትተዉ። የማሽላ እንጀራም ሆነ የጤፍ እንጀራ ከነገለባው የተፈጨ እህል ነው፤ ቃጫ አለው፣ ያጠግባል። የሚያወፍረው መጠኑ ሲበዛና በላዩ የሚፈስሰው ዘይት ልክ ሲያጣ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ይህም ከ7 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ይመጣጠናል። ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ የሚንቆረቆር ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ በማንኪያ ይለካ። ማለዳ የምትወዱት ፉል እጅግ ጥሩ ቁርስ ነው፤ ባቄላው ፕሮቲንም ቃጫም አለው፤ እስከ ምሳ ያቆያል። ከላዩ የሚፈስሰውን ዘይት ግን «ትንሽ ብቻ» በሉ፤ ቲማቲምና ሽንኩርቱን አስጨምሩ። በቦንቦሊኖና በሻይ የጀመረ ቀን ግን 4 ሰዓት ሳይሞላ ይርባችኋል።

ለሴቶች ልጆች አንድ ልዩ ምክር አለኝ። የወር አበባ ደም ይወስዳል፤ ወባ የሚያጠቃው አገር ላይም ደም ማነስ ይበረታል። ስለዚህ ምግብ ስትቀንሱ ብረት የያዘውን አትቀንሱ፦ ምስር፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ሥጋ ሲገኝ። በጎመኑና በምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁ፤ ሎሚው ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ሻይ ደግሞ ይከለክለዋልና ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት አቆዩት።

4ኛ ደረጃ፦ ሰሊጥን አክብሩ፣ ለኩትም

የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥ አገር ነው። በመከር ጊዜ ሰሊጥ በየቤቱ አለ፤ ልጅ በእፍኙ ዘግኖ እየቃመ ይጫወታል። ሰሊጥ ድንቅ እህል ነው፦ ፕሮቲን፣ ብረትና ካልሲየም አለው። ግማሽ ያህሉ ግን ዘይት ነው፤ 100 ግራም ሰሊጥ ከ550 ካሎሪ በላይ ይይዛል። በጾም ቀን የሰሊጥ ፍትፍት አንድ ጊዜ መብላት መልካም ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ሰላጣ ላይ መነስነስም እንዲሁ። በእፍኝ በእፍኝ ከሰዓት እስከ ማታ መቃም ግን ሳያውቁ ሌላ ምሳ መብላት ነው። ከድንበሩ ማዶ የሚመጣው ሐላዋ ደግሞ ሰሊጥ ላይ ስኳር የተጨመረበት ነው፤ እርሱን ለበዓል አቆዩት። ለውዝም በዚሁ ሕግ ይሂድ፦ አንድ እፍኝ፣ በቀን አንድ ጊዜ።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሲርባችሁ ብስኩትና ሳምቡሳ ከመግዛት አንድ ሙዝ፣ ቁራጭ ፓፓያ፣ ቁርቁራ በወቅቱ፣ ወይም አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ብሉ። ቆሎ በኪስ ይያዛል፤ የትምህርት ቤት መክሰስ ከዚህ የተሻለ የለም።

5ኛ ደረጃ፦ በፀሐይ ሳይሆን በሰዓት ተንቀሳቀሱ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ የሚያመታ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንዲሆን ይመክራል። 60 ደቂቃው በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ውኃ በጀሪካን መቅዳት፣ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ፣ ግቢ መጥረግ፣ ሰሊጥ አረም ላይ ቤተሰብ ማገዝ ሁሉ ይቆጠራል። በባጃጅ የምትሄዱትን አጭር መንገድ በእግር መሄድ ብቻ በቀን ግማሽ ሰዓት ይሰጣችኋል።

ቆላ ላይ ግን ሰዓቱ ከሁሉ ይቀድማል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት ባለው ጊዜ በበጋ ወራት ከባድ እንቅስቃሴ አታድርጉ። የተሻለው ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። ከጨለመ በኋላ አትቆዩ፤ የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ካላ አዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው አሸዋ ዝንብም የምትወጣው ማታ ነውና ደክሟችሁ ማታ ግራር ሥር መጋደም ተዉ። ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጡ፤ ስትመለሱም ጠጡ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጡንቻ መኮማተር ከጀመራችሁ ወዲያው አቁሙ፣ ጥላ ግቡ፣ ሰውነታችሁን በውኃ አርጥቡ፤ ከመካከላችሁ አንዱ ከተቀባዠረ ወይም ከወደቀ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

የ8 ሳምንት ዕቅድ ይኸውላችሁ፦

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 5 ቀን፣ 20 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ልኩ ይህ ነው፦ ከጓደኛ ጋር ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን ያቅታችኋል።

3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ እርምጃውን ወደ 30 ደቂቃ አድርሱ። በመጨረሻ 5 ደቂቃ ገመድ ዝለሉ፤ ለአንድ ደቂቃ ዘላችሁ ለአንድ ደቂቃ ዕረፉ።

5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 3 ቀን ጉልበት የሚያጠነክር ሥራ ጨምሩ፦ ቁጢጥ ብሎ መነሣት 10 ጊዜ፣ ፑሽ አፕ 8 ጊዜ (ካልቻላችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ወይም ተንበርክካችሁ)፣ በክርንና በእግር ጣት ቀጥ ብሎ ለ20 ሰከንድ መቆየት። ይህን ሦስት ዙር አድርጉ።

7ኛና 8ኛ ሳምንት፦ ከእርምጃው ውስጥ 10 ደቂቃውን በሶምሶማ ሩጫ ተኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ኳስ፣ መረብ ኳስ ወይም ረዘም ያለ የእግር ጉዞ ጨምሩ።

ክረምት ሲመጣ ዋልካው እግር ይይዛል፤ መንገዱም ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም። ያን ጊዜ ግቢ ውስጥ ሥሩ። ሴቶች ልጆች ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ተጫወቱ፤ የልጅ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ልብ ያመታል። እስክስታም አለ። አንድ የጎንደር ዘፈን ከፍታችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትከሻችሁንና እግራችሁን ሳታቋርጡ ምቱ፤ ሲያልቅ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ልባችሁን አድምጡ። አራት ዘፈን ማለት 20 ደቂቃ ያህል ነው። ለዚህ ጫማም፣ ሜዳም፣ ገንዘብም አያስፈልግም። «ሰው ያየኛል» የምትል ልጅም በሯን ዘግታ ትችላለች።

እንቅስቃሴ ብቻውን ግን ስኳሩን አያሸንፍም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የሰጠውን ጉልበት ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ደረጃ ከአምስተኛው የቀደመው ለዚህ ነው።

6ኛ ደረጃ፦ እንቅልፍን የሥራው አካል አድርጉት

ወጣት በየሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ያልተኛ ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው። ስልካችሁን ከመኝታ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ሌላ ክፍል አኑሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል የተኛ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳይቀሰቅሱት ይነሣል፤ የማለዳዋን ቀዝቃዛ ሰዓት ለእርምጃ ያገኛታል። በሙቀት ሌሊት ውጭ የምትተኙ ከሆነ አጎበሩ ውጭም ይዘርጋ።

7ኛ ደረጃ፦ ጾምን ለጾምነቱ ተዉት

ከተማችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚኖርባት ናት፤ ብዙዎቻችሁም ትጾማላችሁ። ጾም የነፍስ ሥራ ነው፤ የማቅጠኛ ዘዴ አታድርጉት። እንደዚያ ያደረገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ላይ የቀኑን ዕዳ በዘይትና በስኳር ይከፍላል።

የሁዳዴ ምግብ በተፈጥሮው ጥሩ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍና ሰሊጥ ፍትፍት። የሚያበላሸው የተጠበሰው ነው፦ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ በዘይት የተዋጠ ድንች። በረመዳንም በውኃና በጥቂት ቴምር ጀምሩ፣ ሾርባ አስከትሉ፤ ከሶላት በኋላ ዋናውን ምግብ በልካችሁ ብሉ። ሱሁርን አትዝለሉ፤ እንቁላል ወይም ፉል ያለበት ይሁን። በጾም ወራት ከባዱን ስፖርት ቀንሱ፤ ቀላል እርምጃ ከማፍጠሪያ በፊት ባለችው ሰዓት በቂ ነው። የታመመ፣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ደም ያነሰው ልጅ ስለ ጾሙ ወላጁን፣ ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ያማክር።

አታድርጉ

የማቅጠኛ ክኒን፣ ሻይና ዱቄት ከማንም አትግዙ፤ ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። በልታችሁ ለማስመለስ ጣት አትስደዱ፤ ጥርስንና ጉሮሮን ያበላሻል፣ ልብንም ያውካል። ላብ ያወጣል ብላችሁ ፌስታል ወይም ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ በሙቀት አትሩጡ፤ በእኛ ቆላ ይህ ሊገድል ይችላል። ርሃብን ለማጥፋት ሲጋራና ጫት አትጀምሩ። ቁርስን አትዝለሉ። በሌላ ልጅ ሰውነትም አታሹፉ፤ የተሾፈበት ልጅ ከሜዳ ይርቃል እንጂ አይቀጥንም።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስሄዱ ምልክቶች

ይህ ክፍል ለእኛ አካባቢ የግድ ነው። ሳትሞክሩ መክሳት ከጀመራችሁ ደስ አይበላችሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ መክሳትና በግራ በኩል የሆድ ማበጥ የካላ አዛር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በመተማና በአካባቢው ቆላ ይገኛል፣ ሕክምናም አለው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን በሽታ የሚያክምና የሚመረምር ማእከል አለው። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ ወባ ተመርመሩ፤ እስክትድኑም ስፖርት አቁሙ። ውኃ ጥም የማያቆም፣ ሽንት የሚያመላልስ፣ እየበሉ መክሳት የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። የቆየ ሳልና የሌሊት ላብ ለቲቢ ያስመረምራል። ክብደት በመቀነስ ላይ ያለች ልጅ የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም ማንኛውም ልጅ ቶሎ ቶሎ ራሱን ከሳተ፣ ስለ ምግብ ማሰብ ማቆም ካቃተው፣ መብላት ከፈራ፣ ሳይውል ሳያድር ለሚያምነው ሰውና ለሐኪም ይንገር።

ለእናትና ለአባት

ልጃችሁን ብቻውን ነጥላችሁ «አንተ አትብላ» አትበሉ። ቤቱ ሁሉ አብሮ ይለወጥ። ስኳሩ ለሁሉም ይቀነስ፣ ዘይቱ ለሁሉም ይለካ፣ ጎመኑ ለሁሉም ይሠራ፤ የቀነሰው ወጪም ለአትክልት ይዋል። በእንግዳ ፊት ስለ ልጃችሁ ሰውነት አታውሩ። ልጅቱ ማለዳ ለእርምጃ ስትወጣ ብቻዋን አትውጣ፤ አንዳችሁ አብራችሁ ሂዱ። ግማሽ ሰዓት ጎን ለጎን መራመድ ልጅ በቤት የማይናገረውን የሚናገርበት ጊዜም ነው።

ልጆች ሆይ፣ ይህን ሁሉ አንብባችሁ ነገ ሁሉንም ለመጀመር አትነሡ። ዛሬ ማታ ክሩን አዘጋጁ፤ ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ተለኩና ቋጠሮውን ቋጥሩ። ሻያችሁ ሲቀርብ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ቀንሱ። ቁርሳችሁን ጠግባችሁ ብሉ። ከዚያም በእግራችሁ ትምህርት ቤት ሂዱ።